«ቆም እያልኩ ላሳርፋቸው ወይ?» እና ሌሎች የአሳማ ጭነት ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከመጡት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፣ አሳማ ከእርባታ ወደ ቄራ በመኪና ሲሄድ ስለሚደርስበት ነገር። ሹፌር ጽፏል፣ አርቢ ጽፋለች፣ ስጋ ነጋዴ አለ፣ አሳማ በእጁ ነክቶ ማያውቅ ግን መንገድ ላይ አይቶ አንጀቱን የበላውም አለ። ስለዚ ሌላውን ጥያቄ ለሚቀጥለው እትም አሳድሬ ዛሬ ይሄንን ብቻ ልመልስ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስምም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ «ሹፌር ነኝ። አሳማ ጭኜ 3 ሰዓት ያህል ነው ምነዳው። ሙቀት ሲሆን አንዳንዴ አንድ ሁለቱ ሞተው ይደርሳሉ። አርቢው አሯሩጠህ ነው ይለኛል፣ የቄራው ሰዎች ደሞ የጫነውን ሰው ጠይቅ ይላሉ። አሁን ያሰብኩት በየሰዓቱ ጥላ እየፈለኩ 20 ደቂቃ ቆም እያልኩ ላሳርፋቸው ነው፣ ይሻላል?»

መልስ፦ አትቁም ወንድሜ። ሀሳብህ ከደግነት እንደመጣ ይገባኛል፣ ሰው ሲደክመው ጥላ ስር አረፍ ይላል፣ አሳማ የጫነ መኪና ግን ሙቀት ላይ ከቆመ በቃ ችግሩ ሚጀምረው እዛ ነው።

ለምን መሰለህ፣ አሳማ አያልበውም ማለት ይቻላል፣ ትንሽ የላብ እጢ ቢኖረውም ሰውነቱን ሚያቀዘቅዝለት አይደለም። ሜዳ ላይ ሲሞቀው ጭቃ ውስጥ ይንከባለላል፣ ጋጣ ውስጥ ከሆነ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ዝርግት ብሎ ይተኛል፣ ሁለቱም ከሌሉ አፉን ከፍቶ ያለከልካል። መኪና ላይ ጭቃ የለም፣ ተጠጋግቶ ስለተጫነ ተዘርግቶ መተኛትም አይችልም፣ ስለዚ ሚቀረው ማለክለክና ነፋስ ነው። ነፋሱን ሚያመጣው ደሞ የመኪናው መሄድ ነው። አንተ ስትቆም ነፋሱም ይቆማል፣ እነሱ ግን እያንዳንዳቸው የሚነድ ምድጃ ናቸው፣ ሙቀትና የትንፋሽ እርጥበት ማውጣታቸውን አያቆሙም፣ ስለዚ የጭነቱ ውስጥ ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ከውጪው በላይ ይሄዳል። እርጥበቱ ሲጨምር ደሞ ማለክለኩም ጥቅም ያጣል፣ ምክንያቱም ማለክለክ ሚያቀዘቅዘው ውሃ ከአፍና ከአየር ቧንቧ ሲተን ነው፣ አየሩ ቀድሞ ውሃ ከጠገበ ወዴት ይተናል?

ብዙ ሹፌር ማያውቀው አንድ ነገር ልጨምርልህ። ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ቬንትሌተር የሌለው ተሳቢ ሲሄድ አየሩ ከፊት ገብቶ በኋላ ሚወጣ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን ተቃራኒው ነው፣ አየሩ ከኋላ በኩል ይገባና ወደፊት ተጉዞ ጋቢናው አካባቢ ባሉት ክፍተቶች ይወጣል። ስለዚ ከጋቢናው ጀርባ ያሉት አሳማዎች፣ በተለይ ባለ ፎቅ ከሆነ ታች ከፊት ያሉት፣ የሌላውን ሁሉ ሙቀትና ትንፋሽ ነው ሚቀበሉት። ሞተው ሚደርሱት ከየትኛው ክፍል እንደሆኑ አይተህ ታውቃለህ? ካሁን በኋላ ልብ በል፣ ከፊት ከሆኑ በሙቀት ቀን እዛ ክፍል ላይ ቁጥር ቀንስ ወይ ከባድ ከባዶቹን ወደሌላ ክፍል አድርጋቸው።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልክ፣ ከሁሉም በላይ ሰዓቱን ቀይር። ለሊት ወይ ንጋት ላይ ውጣ። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2023 መጨረሻ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ያቀረበው አዲስ የህግ ሀሳብ ራሱ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል ተብሎ ከተተነበየ ረጅም ጉዞ በለሊት ብቻ ይሁን ይላል። ከዛ ሳትነሳ በፊት ቄራው ጋር ደውል፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው ምታወርዱልኝ በል፣ ምክንያቱም ከመንገዱ ሁሉ ክፉው መቆም በር ላይ ተሰልፎ መቆሙ ነው፣ ሹፌሩም ደረስኩ ብሎ ሞተር አጥፍቶ ሚወርደው እዛ ጋር ነው። ወረፋ ካለና ማውረጃው ጋር ትልልቅ ፋን ከሌላቸው ዞር ዞር እያልክ መንዳቱ ከመቆም ይሻላል፣ ነዳጅ ይበላል አውቃለሁ። ግዴታ መቆም ከመጣ፣ ጎማ ፈነዳ ወይ መንገድ ተዘጋ እንበል፣ የመኪናውን ጎን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አድርገህ ቁም፣ መስኮቶቹን በሙሉ ክፈት፣ ቶሎም ተነስ።

ውሃ ርጭትን በተመለከተ፣ በደረቅ ሙቀት ልትነሳ ስትል ወለሉንና አሳማዎቹን ማርጠብ ጥሩ ነው፣ መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ውሃውን እያተነነ ያቀዘቅዛቸዋል። ቆሞ ነፋስ ሳይኖር ከረጨህ ግን እርጥበት ጨምረህ እያፈንካቸው ነው። ክፉኛ የጋለ አሳማ ላይም በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ባንዴ አትድፋ፣ ድንጋጤው ራሱ ሊገለው ይችላል።

አርቢው አሯሩጠህ ነው ያለህ ነገር ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ድንገተኛ ፍሬንና ኩርባ ላይ መክነፍ አሳማውን ሚዛን ያሳጣዋል፣ መንገዱ ለስላሳ ከሆነና አነዳዱ ከተረጋጋ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ይተኛሉ፣ ካልሆነ ግን እስኪደርሱ ቆመው ጡንቻቸውን ገትረው ነው ሚሄዱት። ግን ለሞቱ ብቻህን ተጠያቂ ነህ ማለት አይደለም፣ ቀጥሎ ያለውን ሁለት ጥያቄ ለአርቢው አንብብለት።

ጥያቄ፦ «ወደ ቄራ ሊሄዱ ሲሉ ጠገብ እንዲሉ አድርጌ ነው ቀለብ ምሰጣቸው፣ ያው የመጨረሻቸው ነው ብዬ። ባለቤቴ ግን ሳይበሉ ቢሄዱ ይሻላል እያለ ይከራከረኛል። ማናችን ነን ልክ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ነው ልክ፣ አንቺ ደሞ ልብሽ ጥሩ ነው። አሳማ መኪና ያመዋል። ልክ መንገድ እንደሚያመው ሰው አፉን ያላምጣል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ያስመልሰዋል። ሆዱ ሞልቶ ከተጫነ ደሞ ትውከቱ ወደ ሳምባ ሊገባ ይችላል፣ የሞላው ጨጓራ ደረቱ ላይ ይጫነዋል፣ ሙቀት ካለ ደሞ ምግብ መፍጨት ራሱ ተጨማሪ ሙቀት ያመነጫል። በሞቱት ላይ ሚደረግ ምርመራ ብዙ ጊዜ የሞላ ጨጓራ ያገኛል። በዛ ላይ ቄራ ላይ ሆድ ሲከፈት የሞላ አንጀት በቀላሉ ይቀደድና ስጋውን ያበላሻል።

ስለዚ ቀለቡን ከመጫናቸው በፊት ቀደም ብለሽ አንሺ። በብዛት ሚመከረው ከመጨረሻው ቀለብ እስከ እርዱ ድረስ ያለው ጠቅላላ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ሰዓት አካባቢ እንዲሆን ነው። ጠቅላላ ነው ያልኩት፣ ይሄ ላይ ነው ሰው ሚሳሳተው። አንቺ ጋር 12 ሰዓት ጾሞ፣ መንገድ ላይ 6 ሰዓት ሄዶ፣ ቄራ ደሞ ሳይታረድ ካደረ ከ24 ሰዓት በላይ ባዶ ሆድ ሆነ ማለት ነው፣ ያ ደሞ ረሀብ ነው፣ እርስ በርስ መናከስ ያመጣል፣ ክብደትም ይቀንሳል፣ ስጋውንም ይጎዳል። ስለዚ መጀመሪያ እርዱ መቼ እንደሆነ ጠይቂና ከዛ ወደኋላ ቁጠሪ። የአውሮፓ የእርድ ህግ፣ ቁጥር 1099 የ2009፣ ከደረሱ በ12 ሰዓት ውስጥ ያልታረዱ እንስሳት ቄራው ላይ ይመገቡ ይላል።

ውሃ ግን እስከሚጫኑባት ደቂቃ አይከልከሉ። ቀለብ ሲነሳ ውሃውንም ሚዘጋ ሰው አለ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት መኪናው እንዳይቆሽሽ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «እርባታ ላይ ተቀጥሬ ምሰራ ልጅ ነኝ። በመጫኛ ቀን ሁሌ ጦርነት ነው፣ መወጣጫው ጋር ሲደርሱ ይዞራሉ ይጮሃሉ አንዱ ባንዱ ላይ ይወጣል። አለቃችን የኤሌክትሪክ ዱላ ገዝቷል፣ እውነት ለመናገር ይሰራል ግን ደስ አይለኝም። ሌላ መንገድ አለ?»

መልስ፦ አለ፣ በደንብ አለ፣ እንዲያውም ከዚህ ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ብዙ ነገር ሚለወጠው ያንተ ጋር ነው። የአሳማ የልብ ምት ሲለካ ከመንገዱ ሁሉ በላይ ሚዘለው ሲጫንና ሲወርድ ነው። ለመታረድ የደረሰ አሳማ ከባድ ሰውነት ነው ያለው፣ ልቡ ግን ለሰውነቱ ትንሽ ነው፣ እድሜውን ሙሉ ጠባብ ጋጣ ውስጥ ኖሮ ደሞ በአንድ ቀን ረጅም መተላለፊያ ሂድ፣ ዳገት ውጣ ይባላል። ሲሯሯጥ ደሙ ውስጥ ላክቲክ አሲድ ይጠራቀማል፣ ቆዳው በቀይና በነጭ ይዥጎረጎራል፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዛ ይቀመጥና አልነሳም ይላል። ብዙ ሰው ግትር ነው ይለዋል። ግትር አይደለም ደክሟል፣ ያን ጊዜ በዱላ ከተነካ ሊሞት ይችላል።

ለምን እንደሚዞሩ ለማወቅ ራስህ ጎንበስ በልና በአሳማ ቁመት መተላለፊያውን እይ። እውነቴን ነው፣ ማንም ሳያይህ አድርገው። አሳማ 310 ዲግሪ አካባቢ ያያል፣ ከኋላው ብቻ ነው ማያየው፣ ስለዚ ጎን ላይ የተሰቀለ ጃኬት፣ የውሃ መውረጃ ፍርግርግ፣ ወለል ላይ ያለች ጥላ፣ ኩሬ፣ ፊት ለፊት ቆሞ ሚያይ ሰው፣ ሁሉም ያስቆመዋል። ከብርሃን ወደ ጨለማ መግባት አይወድም፣ ከጨለማ ወደ ብርሃን ግን ራሱ ይሄዳል፣ ስለዚ የመኪናው ውስጥ ጨለማ ከሆነ አምፖል አብራበት፣ አይን ሚወጋ አይሁን እንጂ። ነፋስ ፊቱ ላይ ሲመጣም ይቆማል።

መወጣጫው በጣም ቀጥ ያለ እንዳይሆን። የአውሮፓ ህግ ለአሳማ ከ20 ዲግሪ እንዳያልፍ ይላል፣ ለበግና ለትልልቅ ከብት እስከ 26 ዲግሪ ገደማ ሲፈቅድ ማለት ነው፣ አሳማ ዳገት ላይ ደካማ መሆኑን ህጉም አውቆታል። በሜትር ላስላልህ፣ የመኪናው ወለል ከመሬት 1.2 ሜትር ከፍ ካለ መወጣጫው ቢያንስ 3.5 ሜትር መርዘም አለበት። አለቃህን አንድ ነገር እንዲገዛ ምታሳምነው ከሆነ ዱላ ሳይሆን ረዘም ያለ መወጣጫ አስገዛው፣ ሃይድሮሊክ ሊፍት ከቻለ ደሞ ዳገቱ ራሱ ይቀራል። ወለሉ ላይ ማይንሸራተት ነገር ይኑር፣ ጎንና ጎኑ ድፍን ይሁን፣ ስፋቱ ሁለት አሳማ ጎን ለጎን ሚያስሄድ ይሁን ምክንያቱም አሳማ ተሰልፎ አንድ በአንድ መሄድ አይወድም፣ ከጓደኛው ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው ሚሄደው።

ከዛ ቁጥሩን ቀንስ። 20 አሳማ ባንዴ መንዳት ነው ጦርነቱን ሚፈጥረው፣ ኋላ ያለው ይገፋል ፊት ያለው ግን ቆሟል። አራት አምስት እያደረክ ውሰድ፣ በእጅህ ሰሌዳ ያዝ፣ ኮምፔርሳቶም ይሁን ፕላስቲክ ሰፋ ያለ ነገር፣ አሳማ ድፍን ነገር ካየ ግድግዳ ነው ብሎ ይዞራል። ቀስ ያለ ይመስላል፣ ግን የጩኸቱና የመመለሱ ጊዜ ሲቀነስ ብዙ ጊዜ ቶሎ ነው ሚያልቀው። ሌላም አለ፣ ከመጫናቸው ሳምንታት በፊት ጀምሮ በየጊዜው ጋጣቸው ውስጥ ገብተህ በመሀላቸው እየተራመድክ ካለማመድካቸው፣ መተላለፊያውን አንዳንዴ ከቀመሱት፣ የዛን ቀን ሰው ሲያዩ አይደነግጡም።

ዱላውን በተመለከተ የአውሮፓ ህግ፣ ቁጥር 1 የ2005፣ በተቻለ መጠን አይደረግ ይላል፣ ከሆነም አልሄድ ያለ አዋቂ አሳማ ላይ ብቻ፣ ፊቱ ባዶ ቦታ ካለ ብቻ፣ የኋላ ጡንቻው ላይ ብቻ፣ ከ1 ሰከንድ ላልበለጠ፣ ካልሄደም አትድገመው ነው ሚለው። እነዚህን ሁሉ ሁኔታዎች ምታሟላበት ቀን በጣም ጥቂት ነው። አይን፣ ጆሮ፣ ፊንጢጣ አካባቢማ የትም አይፈቀድ፣ ሚያደርግ ሰው ካለ እሱን ነው ከጋጣው ማስወጣት።

ጥያቄ፦ «6 በ2.3 ሜትር ጭነት ያለው መኪና ላይ ስንት አሳማ መጫን ይቻላል?»

መልስ፦ አጭር መልስ፣ 100 ኪሎ ከሆኑ 32፣ ሙቀት ከሆነ 27 አካባቢ። እንዴት መጣ፣ ወለሉ 13.8 ካሬ ሜትር ነው፣ የአውሮፓው ህግ ደሞ 100 ኪሎ ለሚሆን አሳማ በካሬ ሜትር ከ235 ኪሎ በላይ አይጫን ይላል፣ ሁሉም ባንዴ መተኛትና በተፈጥሮ አቋማቸው መቆም እንዲችሉ። 13.8 በ235 ስታባዛው ወደ 3,240 ኪሎ ነው። አሳማዎቹ 110 ኪሎ ከሆኑ 29 ነው ሚሆኑት፣ በቁጥር ሳይሆን በክብደት አስብ። ያው ህግ እንደ አየሩ፣ እንደ ዘሩና እንደ ጉዞው ርዝመት ቦታው እስከ 20 በመቶ ሊጨመር ይችላል ይላል፣ 27 ያልኩት ከዛ ነው።

ጠቅ አድርገን ከጫንን አይወድቁም ሚሉ አሉ። አይወድቁም፣ አይተኙምም። በጣም ማስፋትም ጥሩ አይደለም፣ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታሉ፣ ለዛ መፍትሄው ግን መከፋፈያ በር ነው። ደሞ መከፋፈያው ሌላም ጥቅም አለው፣ ማይተዋወቁ አሳማዎችን ይለያል። ከተለያየ ጋጣ የመጡ አሳማዎች ሲቀላቀሉ ማን አለቃ እንደሆነ እስኪታወቅ ይነካከሳሉ፣ ስለዚ አብረው ያደጉት አብረው ይጫኑ፣ ኮርማዎቹ ደሞ ለብቻቸው። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይ ጭድ በትን፣ ብርድ ከሆነ ወፈር አርገው፣ መስኮቱን በሸራ ቀንሰው ግን ጭራሽ አትድፈነው። እርጥብ አሳማ ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ ሲመታና ባዶ ብረት ላይ ሲተኛ ቆዳው በብርድ ሊቃጠል ይችላል።

ጥያቄ፦ «ስጋ ቤት አለኝ። አንዳንዴ ሚመጣልኝ የአሳማ ስጋ ገርጥቶ ለስልሶ ውሃ ሚያንጠባጥብ ነው፣ ሳህኑ ላይ ኩሬ ይሰራል። አቅራቢው ዘሩ ነው ይላል። እውነት ነው?»

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። አሳማ ከመታረዱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ከተሯሯጠና ከደነገጠ፣ ጡንቻው ያጠራቀመውን ስኳር በፍጥነት ወደ ላክቲክ አሲድ ይቀይራል። ከታረደ በኋላ ስጋው ገና ትኩስ እያለ ፒኤቹ (የአሲድ መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ይወርዳል፣ በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ6 በታች ከገባ ሙቀትና አሲድ ተባብረው ፕሮቲኑን ያበላሹታል፣ ውሃ መያዝ ያቅተዋል። ያ ነው ኩሬው። ተቃራኒውም አለ፣ ረጅም ሰዓት ተንገላቶ ተርቦ ተናክሶ ስኳሩን ቀድሞ የጨረሰ አሳማ ደሞ ስጋው ጠቆር ያለ ጠንካራና ደረቅ ይሆናል፣ ፒኤቹ በደንብ ስለማይወርድ ባክቴሪያ ይወደዋል፣ ቶሎ ይበላሻል።

ዘር ያለው ነገር ይሄ ነው፣ አንዳንድ አሳማዎች ላይ ጡንቻ ውስጥ ካልሲየም ሚቆጣጠር አንድ ዘረመል ላይ ለውጥ አለ፣ በስትረስ ጊዜ ጡንቻቸው ይቆለፍና ሰውነታቸው ይግላል፣ በቀላሉ ይሞታሉ። ፒየትሬን ሚባለው የቤልጂየም ዘር በዚህ ይታወቃል። ለውጡ በ1991 ከተገኘ በኋላ በዲኤንኤ ምርመራ ይለያል፣ ብዙ አርቢም ከመንጋው አውጥቶታል። ስለዚ አቅራቢህ ዘሩ ነው ካለህ «አስመረመርክ ወይ?» በለው። ይሄ ለውጥ የሌለባቸው አሳማዎችም ቢሆኑ ማውረጃው ላይ ከተደበደቡ ያንኑ ስጋ ነው ሚሰጡህ። የወረዱ አሳማዎች ሁለት ሶስት ሰዓት ውሃ እየጠጡ፣ ሙቀት ከሆነ ሻወር እየተረጨላቸው ቢያርፉ ትልቅ ለውጥ አለው። እዚህ ማረፉ ሚጠቅመው ወርደው፣ ቦታ አግኝተው ተኝተው ስለሆነ ነው፣ ሹፌሩ ወንድማችን፣ መንገድ ላይ ከመቆም ጋር እንዳይምታታብህ።

ቆዳው ላይ ያለውንም እይ። ትከሻና አንገት ላይ የጥርስ ጭረት ካለ ማይተዋወቁ ተቀላቅለዋል፣ ጀርባው ላይ ረጃጅም ጥንድ መስመር ካለ በዱላ ተመቷል። ስጋው ታሪኩን ይዞ ነው ሚመጣው፣ ገዢ ሆነህ ሚያስደነግጥህን መልሰህ ከላክ ደሞ ከኢንስፔክተር በላይ ትሰማለህ።

ጥያቄ፦ «ይቅርታ ግን ሊታረድ እየሄደ ላለ እንስሳ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?»

መልስ፦ ይቅርታ አያስፈልግም፣ ብዙ ሰው በሆዱ ሚጠይቀው ነው። ሊታረድ መሆኑ እኛ ነን ምናውቀው፣ እሱ ሚያውቀው አሁን እንደሞቀው፣ እንደጠማው፣ እግሩ እንደተሰበረ ነው። መታረዱን የወሰነ ሰው መንገዱንም ወስኗል፣ ሶስት ሰዓት ማፈን የእርዱ አካል አይደለም፣ የስንፍና ነው። ስለ ትርፍ ከሆነም ከላይ ለስጋ ቤቱ የመለስኩትን ተመልከት።

ጥያቄ፦ «ካናዳ ውስጥ ለአሳማ ውሃ ያጠጣች ሴት ተከሰሰች ሚባለው እውነት ነው? ደሞ ህጉ ስንት ሰዓት ድረስ ነው ያለ ውሃ ማጓጓዝ ሚፈቅደው?»

መልስ፦ እውነት ነው። አኒታ ክራይንስ ትባላለች፣ በሰኔ 2015 ኦንታሪዮ በርሊንግተን ውስጥ ቄራው አጠገብ የትራፊክ መብራት ላይ በቆመ ተሳቢ ውስጥ ለነበሩ አሳማዎች ውሃ ሰጠች፣ በሰው ንብረት አጠቃቀም ጣልቃ ገብተሻል ተብላ ተከሰሰች፣ በግንቦት 2017 በነጻ ተለቀቀች። አሳማዎቹ ያኔውኑ ቄራ ገብተው ታርደዋል። በዛን ሰሞን ሰው ሁሉ ሲከራከር የነበረው ውሃ መስጠት ወንጀል ነው ወይ በሚለው ነበር፣ እኔን ግን ሁሌ ሚገርመኝ አሳማዎቹ ለምን ያን ያህል ጠማቸው የሚለው አለመጠየቁ ነው። መንገደኛ ውሃ እንዲያጠጣ ግን አልመክርም፣ በትራፊክ መሀል አደጋ አለው፣ ከላይ እንዳልኩትም ቆሞ ያለን መኪና ሚያስቆይ ነገር ሁሉ ሙቀቱን ይጨምራል። የሰሌዳ ቁጥሩንና ሰዓቱን መዝግበህ ለሚመለከተው የእንስሳት ጤና መስሪያ ቤት ማሳወቅ ይሻላል።

ሰዓቱን ካነሳህ፣ ለኔ ሁሉም ረጃጅም ናቸው። አሜሪካ በ1873 የጀመረ የ28 ሰዓት ህግ አላት፣ ሲወጣ ለባቡር ነበር፣ መኪናንም ይመለከታል የተባለው በ2006 ነው። ካናዳ እስከ 2020 ድረስ አሳማን 36 ሰዓት ያለ ቀለብና ውሃ ማጓጓዝ ትፈቅድ ነበር፣ አሁን 28 ሆኗል። አውሮፓ ለተራ መኪና 8 ሰዓት ነው ገደቡ፣ ልዩ መሳሪያ ላለው መኪና ግን መንገዱን ሙሉ ውሃ ካገኙ እስከ 24 ሰዓት ይፈቀዳል። የ2023ቱ የህግ ሀሳብ ወደ እርድ ሚሄዱትን ወደ 9 ሰዓት ያወርዳል። ብሪታንያ ደሞ በ2024 ባወጣችው ህግ ለእርድ ከነህይወታቸው ወደ ውጪ መላክን ጭራሽ ከልክላለች፣ አሳማም አለበት። ይሁንና በወረቀት ላይ ያለው ሰዓት ብቻውን ብዙ አያስተማምንም፣ በደንብ የተጫነና ነፋስ ያለው የ6 ሰዓት ጉዞ ከ1 ሰዓት መንዳትና 3 ሰዓት በር ላይ በጸሃይ ከመቆም ይሻላል፣ ህጉ ሁለተኛውን እንደ አጭር ጉዞ ነው ሚያየው።

ጥያቄ፦ «ቄራ ማውረጃ ላይ ነው ምሰራው። መኪናው ሲከፈት ወድቆ ማይነሳ አሳማ ካለ በእግሩ ገመድ አስረን እንጎትተዋለን፣ ሌላ ምን ይደረጋል?»

መልስ፦ አትጎትቱት። በእግር፣ በጆሮ፣ በጭራ መጎተትም ማንሳትም በአውሮፓ ህግ የተከለከለ ነው፣ መራመድ ማይችል እንስሳ ደሞ ባለበት ነው ሚታረደው ወይ ሚገደለው። መጀመሪያ ግን የተጎዳ ነው ወይስ የደከመ ሚለውን ለዩ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። እግሩ ካልተሰበረ፣ ደም ከሌለ፣ ግን ቆዳው ተዥጎርጉሮ እያለከለከ ከሆነ የደከመ ነው፣ ሌሎቹን ቀስ ብላችሁ በጎኑ አሳልፉና እሱን ተዉት። ነፋስ ይምጣለት፣ ማንም አይንካው፣ ብዙዎቹ ሁለት ሶስት ሰዓት ካረፉ ራሳቸው ይነሳሉ። የተጎዳ ከሆነ ግን መጠበቅ የለም፣ ማደንዘዣ ሽጉጡን፣ ከመታረዱ በፊት ራሱን እንዲስት ሚያደርገውን፣ ይዛችሁ መኪናው ላይ ውጡ፣ ስለዚ ሽጉጡና ሚችል ሰው ሁሌ ማውረጃው አጠገብ መኖር አለበት፣ ቁልፉ አለቃ ኪስ ውስጥ ሆኖ አለቃው ምሳ ከወጣ ዋጋ የለውም።

ደሞ መዝግቡት። የትኛው መኪና፣ የትኛው ክፍል፣ ከማን እርባታ፣ ስንት ሰዓት ደርሶ ስንት ሰዓት ወረደ። ሹፌሩ አርቢውን አርቢው ሹፌሩን ሁለቱም እናንተን ሚወነጅሉት መዝገብ ስለሌለ ነው፣ ወር ያህል ከተመዘገበ ሟቾቹ ሁሌ ከአንድ መኪና ፊት ክፍል ወይ ከአንድ ሰውዬ መወጣጫ ሚመጡ ከሆነ ቁጭ ብሎ ይታያል። ሁሉም ከእናንተ ወረፋ ከሆነም እንዲሁ።